ሰው በግል ጉዳዩ የጠበቃ ርዳታ የሚያስፈልገው መቼ ነው?
በመንደር 8 እና በገዳሪፍ አካባቢ ለሚኖሩ የተሰጠ ማብራሪያ

ሕግ የሰውን ልጅ ከልደቱ እስከ ሞቱ ይከተለዋል። ሲወለድ ስሙ በመዝገብ ይጻፋል፤ ሲያድግ ይዋዋላል፤ ሲያገባ ንብረቱ ከትዳር ጓደኛው ንብረት ጋር ይቀላቀላል፤ ሲሞትም የተወው ሀብት ለወራሾቹ ይተላለፋል። በነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ብዙው ሰው ያለ ጠበቃ ያልፋል፤ ማለፍም ይችላል። ነገር ግን በጊዜው የሕግ ዐዋቂ ምክር ካልተጠየቀባቸው ኋላ በብዙ ገንዘብና በብዙ ድካም የማይመለስ ጉዳት የሚያመጡ ጉዳዮች አሉ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ይህ ነገር ለሁሉም ሰው የሚሠራ ሲሆን፥ ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር ለሚኖር ሰው ግን ይበልጥ ይከብዳል። መንደር 8 በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት የሚገኝ፥ በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ በተሠራው ግድብ ምክንያት ከቀያቸው ለተነሡ ሰዎች ከታነጹትና በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች አንዱ ነው። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወሰኑን ሲሻገር፥ መንደር 8 ከሐምዳይት ጋር የስደተኞች መቀበያ ስፍራ ሆነ። በጥቂት ወራት ውስጥ የተሻጋሪው ቁጥር ከ60,000 በላይ ደረሰ። ከዚያም ብዙው ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ሰፈሮች ተወሰደ። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሱዳን ውስጥ ጦርነት ስለ ተነሣ፥ ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ገባ።

እንደዚህ ያለ ሰው በሁለት ሕግ መካከል ይኖራል። ቤቱ፥ መሬቱ፥ የጋብቻው ሽማግሌዎችና የአባቱ ውርስ ያሉት በኢትዮጵያ ነው፤ የሚሠራው፥ የሚከራየው፥ ልጅ የሚወልደውና አንዳንድ ጊዜም የሚታሰረው በሱዳን ነው። ስለዚህ የትኛው ጉዳይ በሽማግሌ፥ የትኛው በመሥሪያ ቤት፥ የትኛው በጠበቃ እንደሚያልቅ ለይቶ ማወቅ ለነዋሪውም ለአካባቢው ሹማምንትም ይጠቅማል።

ጠበቃ ማን ነው? ጠበቃ ያልሆነውስ?

በኢትዮጵያ ሰው ራሱ በችሎት ቆሞ መሟገቱ የቆየ ልማድ ነው። በቀድሞው ዘመን ተሟጋቾች ነጠላቸውን አሸርጠው፥ በተጠየቅና በበላ ልበልሃ ሥርዓት ነገራቸውን በቃል ያስረዱ ነበር። ዛሬም በፍትሐ ብሔር ነገር ባለጉዳዩ ራሱ ሊሟገት፥ ወይም የትዳር ጓደኛውን፥ ወላጁን፥ ልጁን ወይም ወንድሙን ወክሎ ሊልክ ይችላል። እንግዲህ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም።

ጠበቃ ማለት ሕግ ተምሮ፥ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ አግኝቶ፥ ስለ ሌላው ሰው የሚማከርና የሚከራከር ነው። በኢትዮጵያ የፌዴራል ጠበቆች ሥራ በ2013 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1249 ይመራል፤ በክልል ፍርድ ቤቶች ለሚቆሙት ደግሞ ክልሎች ፈቃድ ይሰጣሉ። በሱዳን ጠበቃ ሙሐሚ፥ ፍርድ ቤትም መሐከማ ይባላል፤ የችሎቱም ቋንቋ ዐረብኛ ነው።

ከዚህ ውጭ በፍርድ ቤት ደጅ ወይም በገበያ የሚገኙ ሌሎች ሰዎች አሉ። ማመልከቻ ጸሐፊ የተነገረውን ያጽፋል እንጂ ነገሩ በሕግ ይቆም እንደ ሆነ መርምሮ ኀላፊነት አይወስድም። አስተርጓሚ ቃልን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ያሻግራል። ደላላ ሻጭና ገዢን ያገናኛል፤ የሚከፈለውም ውሉ ሲፈረም ስለሆነ፥ ውሉ እንዲፈረም ብቻ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ በቦታቸው ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ቃላቸው እንደ ጠበቃ ምክር ሊቆጠር አይገባም። «ዳኛውን ዐውቀዋለሁ፥ ጉዳይህን አስጨርሳለሁ» የሚል ሰው ደግሞ ጠበቃም ቢሆን ሊሸሹት የሚገባ ነው።

ያለ ጠበቃ የሚያልቁ ጉዳዮች

ሁሉን ነገር ወደ ጠበቃ መውሰድ ገንዘብን ያለ ጥቅም ማባከን ነው። የመታወቂያ ወይም የራሽን ካርድ መጥፋት፥ በመዝገብ ላይ የስም ስሕተት፥ የልጅን ልደት ማስመዝገብ፥ በጎረቤት መካከል የተነሣ ቀላል ጠብ፥ ሁለቱም ወገን የሚያምኑት ጥቂት ብድር፥ እነዚህ በመሥሪያ ቤት ወይም በሽማግሌ ፊት ያልቃሉ። ሽምግልና የታረቁት ሰዎች ነገ በአንድ ጉድጓድ ውሃ እንዲቀዱ ያደርጋል፤ ይህን ፍርድ ቤት ሁልጊዜ አይችለውም።

ይሁን እንጂ የሽምግልና ድንበሩም መታወቅ አለበት። ሽማግሌ ባልና ሚስትን ያስታርቃል፤ ጋብቻን ግን በሕግ ለማፍረስ ሥልጣን የለውም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። እንዲሁም የመድፈር ወንጀል፥ ከባድ የአካል ጉዳትና የሰው ሕይወት መጥፋት በካሣና በእርቅ ተሸፍነው የሚቀሩ ነገሮች አይደሉም። በእንዲህ ያለው ጊዜ ተጎጂው አስቀድሞ ወደ ሕክምና፥ ቀጥሎም ወደ ፖሊስና ወደ ሕግ ዐዋቂ መድረስ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ሰው በተያዘ ወይም በተከሰሰ ጊዜ

ከሁሉ አስቀድሞ ጠበቃ የሚያስፈልገው ሰው ነፃነቱን ባጣበት ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፥ ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚናገረው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንዲገለጽለት፥ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለጉዞ የሚፈጀው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። በአንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ በመረጠው ጠበቃ እንዲወከል፥ ለመክፈል አቅም ያጣ እንደ ሆነና ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ደንግጓል። በአንቀጽ 21 መሠረት በጥበቃ ሥር ያለ ሰው በትዳር ጓደኛው፥ በዘመዱ፥ በሃይማኖት አባቱ፥ በሐኪሙና በጠበቃው ሊጎበኝ መብት አለው።

በሱዳን የሚያዘው ሰው ጉዳይ በሱዳን ሕግ ይታያል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ከተመደበለት ስፍራ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ወደ ሰሊጥና ወደ ማሽላ እርሻ ለሥራ ወይም ወደ ከተማ ለሕክምና የሚሄድ ሰው ፈቃዱን አውጥቶ፥ ወረቀቱን ይዞ መጓዝ ይገባዋል። ያለ ወረቀት ተይዞ ከሆነ፥ ዘመዶቹ ሳይዘገዩ ለሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን መሥሪያ ቤትና ለተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ማስታወቅ አለባቸው። የታሰረውም ሰው ያልገባውን ዐረብኛ ጽሑፍ እንዳይፈርም፥ አስተርጓሚ እንዲጠይቅ ያስፈልጋል። የጣት አሻራ በአንድ ደቂቃ ይታተማል፤ «ምን እንደ ተጻፈ አላወቅሁም» ማለት ግን ብዙ ዓመት ያሟግታል።

ሁለተኛ፤ ቀን የተቆረጠበት ጽሑፍ በደረሰ ጊዜ

መጥሪያ፥ የክስ ግልባጭ፥ ውሳኔ ወይም ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ጽሑፉን አጥፎ በሣጥን ማኖር የለበትም። በሕግ ብዙ መብት የሚጠፋው በክርክር መሸነፍ ሳይሆን ቀን በማለፉ ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ ከሚታወቁት የጊዜ ገደቦች ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ነገር የመጀመሪያ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርድ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። መጥሪያ ሳይደርሰው በሌለበት የተፈረደበት ሰው ውሳኔው እንዲነሣለት የሚያመለክተው ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ ነው። ይዞታው በኀይል ወይም በሁከት የተወሰደበት ሰው እንዲመለስለት ክስ የሚያቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሣ ክስ እንዲሁ 2 ዓመት ነው። ከሥራ ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚከሰው በ3 ወር ውስጥ፥ ያልተከፈለውን ደመወዝ የሚጠይቀው በ6 ወር ውስጥ እንደ ሆነ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ይናገራል።

ወሰን ተሻግሮ የሚኖር ሰው ከነዚህ ገደቦች ብዙዎቹ እርሱ ሳያውቅ ሊያልፉበት ይችላሉ። በጦርነትና በስደት ምክንያት መዘግየቱ ፍርድ ቤቱን ያሳምን እንደ ሆነ ወይም ሌላ መንገድ ይኖር እንደ ሆነ መርምሮ የሚነግረው ጠበቃ ነው። «ቀኑ አልፏል፥ ምንም አይደረግም» ብሎ በራስ ላይ መፍረድም እንደ መዘግየት ያለ ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቤት፥ ስለ መሬትና ስለ ውክልና ከመፈረም በፊት

በስደት ያለ ሰው ገንዘብ ይቸግረዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው መጥቶ «በአገር ያለውን መሬትህን ልግዛህ፥ ገንዘቡን እዚሁ ልስጥህ» ይለዋል። በዚህ ጊዜ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር አለ።

መሬትን በሚመለከት፥ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የእርሻ መሬት ሽያጭ የሚል ወረቀት በሕግ አይጸናም። ገዢው ገንዘቡን፥ ሻጩም ይዞታውን ሊያጡ ይችላሉ። በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ማከራየት፥ ማውረስ ወይም በስጦታ ማስተላለፍ እስከ ምን ድረስ እንደ ተፈቀደ፥ ባለይዞታው ለብዙ ጊዜ ከአካባቢው ርቆ ሲኖር መብቱ እንዴት እንደሚሆን ግን ከየክልሉ ይለያያል፤ ይህን የዚያ ክልል ጠበቃ መጠየቅ ነው።

ቤትን በሚመለከት፥ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ ደግሞ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ የሸጠ እንደ ሆነ፥ ያልተስማማው ወገን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፥ ቢበዛም ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል።

ውክልናን በሚመለከት፥ ሰው ወደ አገሩ መመለስ ሲያቅተው ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን ይወክላል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ንብረትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እንግዲህ «ሁሉን እንዲሠራልኝ» ተብሎ በችኰላ የሚጻፍ ውክልና ወይ ለሚፈለገው ሥራ አይበቃም፥ ወይም ከሚፈለገው በላይ ሥልጣን ይሰጣል። ግብር እንዲከፍል የተወከለ ሰው ቤቱን ሸጦ እንዳይገኝ፥ የውክልናው ቃል በሕግ ዐዋቂ ተመዝኖ ይጻፍ። በሱዳን ተውኪል ተብሎ የሚጻፈውም ወረቀት በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ተቀባይነት እንዲያገኝ ምን ማረጋገጫ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ይጠየቅ።

ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ሕጉ ልዩ ጥበቃ አድርጎለታል። በቁጥር 1728 መሠረት የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት፥ በውል አዋዋይ፥ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ለሌላው ዋስ የሚሆንም ሰው ዋስትናው በጽሑፍ እንዲሆንና የሚዋስበት ገንዘብ ከፍተኛው ልክ እንዲጻፍ ያድርግ፤ ልኩ ያልተጻፈ ዋስትና በቁጥር 1922 ዋጋ የለውም።

አራተኛ፤ ጋብቻ፥ ፍቺና ልጆች

ብዙ ሰዎች በባህል ወይም በሃይማኖት ሥርዓት ተጋብተው የጽሑፍ ማስረጃ ሳይኖራቸው ወሰን ተሻግረዋል። ሌሎች ደግሞ ወረቀታቸው በቤታቸው ተቃጥሏል። በኢትዮጵያ ሕግ በሃይማኖት ወይም በባህል የተደረገ ጋብቻ እንደ ማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ ይጸናል። የምስክር ወረቀት የታጣ እንደ ሆነ ሰዎቹ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩና በሕዝብ ዘንድ ሲታወቁ የነበሩ መሆኑ በምስክሮች ሊረጋገጥ ይችላል። ስደተኞችን የሚመለከተው የ1951 እ.ኤ.አ. ስምምነትም በአንቀጽ 12 ስደተኛ አስቀድሞ ያገኘው የጋብቻ መብት እንዲከበርለት ይናገራል። ሱዳን ይህን ስምምነት በ1974 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች።

ባልና ሚስት በስምምነት የሚለያዩ፥ ልጅና ንብረት የሌላቸው እንደ ሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ልጆች ባሉበት፥ አንዱ በኢትዮጵያ ሌላው በሱዳን በሚኖርበት፥ ወይም ድብደባና ማስፈራራት ባለበት ግን ጠበቃ ሳይያዝ በሽማግሌ ወረቀት ብቻ መለያየት ለሴቲቱም ለልጆቹም አደጋ ነው። የተለየችው ሴት በሕግ ገና ሚስት ሆና ትቀራለች፤ የንብረት ድርሻዋና የልጆቿ ቀለብም ሳይወሰን ይኖራል።

በሱዳን ለተወለዱ ልጆች ልደታቸውን ማስመዝገብ ቸል የማይባል ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ እናትም እንደ አባት ዜግነት ታስተላልፋለች። ነገር ግን የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚያሳይ ጽሑፍ የሌለው ልጅ መብቱን ማስረዳት ይቸግረዋል። ምዝገባው በመሥሪያ ቤት የሚያልቅ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ እምቢ ያለ እንደ ሆነ ወይም አባት ልጁን የካደ እንደ ሆነ ግን የጠበቃ ነገር ይሆናል።

አምስተኛ፤ ሞት፥ ውርስና መጥፋት

ሰው ሲሞት ውርሱ የሚከፈተው በሕይወቱ ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ ይወርሳሉ። ሚስት ወይም ባል ከጋራው ንብረት የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ እንጂ ያለ ኑዛዜ ከሟቹ ወራሽ አይሆኑም። ኑዛዜ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ በሕጉ የተወሰነውን ሥርዓት መያዝ አለበት። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል። በቃል የሚደረገው ለ2 ምስክሮች የሚነገር ሆኖ፥ በዚህ የሚሰጠው ስጦታ ለእያንዳንዱ ከ500 ብር አይበልጥም፤ ተናዛዡም ከ3 ወር በላይ በሕይወት ከኖረ ይፈርሳል። ስለዚህ በሕመም አልጋ ላይ «ቤቴን ለእገሌ» ብሎ በቃል መናገር ቤትን አያወርስም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው በሕግም እውነት ነው።

ወራሽ ሳይሆን ውርሱን የያዘ ሰው ያለ እንደ ሆነ፥ እውነተኛው ወራሽ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ባወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የጦርነት ዘመን ሰዎችን የሚነካው ስለ መጥፋት የተደነገገው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 አንድ ሰው ጠፍቶ 2 ዓመት ወሬው ያልተሰማ እንደ ሆነ፥ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው መጥፋቱ እንዲነገር ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። መጥፋቱ በፍርድ የተነገረ ሰው ጋብቻው ይፈርሳል፤ ንብረቱም ወደ ወራሾቹ ይሄዳል። ይህ በሁለት ወገን ይሠራል። ባሏ ወይም ልጇ ከጠፋባት ሴት አንጻር፥ ሕጉ የተንጠለጠለውን ኑሮዋን ለመቍረጥ መንገድ ይሰጣታል። በሱዳን በሕይወት ከሚኖረው ሰው አንጻር ደግሞ፥ ድምፁን ለ2 ዓመት ካጠፋ በአገሩ እንደ ጠፋ ሊቆጠር ይችላል። ቢመለስ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ ይረከባል፤ የተሸጠውና የተበላው ግን እንደ ነበረ አይገኝም። እንግዲህ በሕይወት መኖርን ለዘመድ ማስታወቅ፥ የደብዳቤውን ወይም የስልኩን መልእክት ግልባጭ መያዝ የሕግ ጥቅም አለው። አንድ ሰው የጠፋ ተብሎ ሊነገርበት መሆኑን የሰማ እንደ ሆነ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያማክር።

ስድስተኛ፤ የስደተኝነት መብትን የሚነካ ነገር ሲመጣ

የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ የሆነበት፥ ከአገር ትወጣለህ የተባለ፥ ወደ አገሩ ለመመለስ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከመወሰኑ በፊት ይማከር። የ1951 እ.ኤ.አ. ስምምነት በአንቀጽ 33 ስደተኛ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ስፍራ እንዳይመለስ ይከለክላል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነትም ይህንኑ አጽንቶታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስደተኛ ሆኖ የተመዘገበ ሰው በፈቃዱ ወደ አገሩ ቆንስላ ሄዶ ፓስፖርት ያወጣ ወይም ያሳደሰ እንደ ሆነ፥ የአገሩን ጥበቃ እንደገና እንደ ፈለገ ሊቆጠርበትና ስደተኝነቱ ሊያበቃ ይችላል። በዚህ ምክንያት ስምምነቱ በአንቀጽ 25 የተቀበለው አገር ባለሥልጣኖች ስደተኛውን በሚያስፈልገው ወረቀት እንዲረዱት ያዛል። ለውክልናም ሆነ ለልደት ወረቀት ወደ ቆንስላ ከመሄድ በፊት የሕግ ምክር መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የትኛውን አገር ጠበቃ?

መመሪያው ቀላል ነው። ነገሩ የሚታየው በየትኛው ፍርድ ቤት ከሆነ የዚያ አገር ጠበቃ ያስፈልጋል። በገዳሪፍ ለታሰረ ወይም በእርሻ ደመወዙን ለተከለከለ ሰው የሱዳን ጠበቃ፥ በሑመራ ወይም በጎንደር ላለ ቤትና ውርስ በዚያ የሚሠራ የኢትዮጵያ ጠበቃ ነው። ስምምነቱ በአንቀጽ 16 ስደተኛ ወደ ፍርድ ቤት በነፃ የመቅረብ መብት እንዳለው፥ በሚኖርበትም አገር በሕግ ርዳታ ረገድ እንደ አገሩ ተወላጅ እንዲታይ ይናገራል።

ወደ ጠበቃ ሲኬድ ምን ይዘጋጅ?

ሀ) የነገሩ ታሪክ ከነቀኑ በአንድ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ይጻፍ። የሚጎዳውም ነገር አይደበቅ፤ ጠበቃ ያልነገሩትን ነገር በችሎት ከባላጋራ አፍ ሲሰማ ሊከላከል አይችልም።

ለ) ውል፥ ደረሰኝ፥ መታወቂያ፥ የግብር ወረቀት፥ የይዞታ ደብተር ይሰብሰብ፤ ዋናው በእጅ ይቅር፥ ግልባጩ ይሰጥ። የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው የሠራበትን ቀን፥ የተስማማበትን ዋጋና የአሠሪውን ስም በደብተር ይያዝ።

ሐ) የምስክሮች ስምና የሚገኙበት ስፍራ ይመዝገብ። በስደት ዘመን ምስክር ዛሬ በመንደር 8 ነገ በሌላ አገር ነው።

መ) ጠበቃው ፈቃዱን እንዲያሳይ ይጠየቅ። ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፥ ምን ምን ሥራ እንደሚያጠቃልል፥ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል በጽሑፍ ይሁን፤ ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይያዝ።

ሠ) ነገሩ የሚያዋጣ መሆኑ በግልጽ ይጠየቅ። መልካም ጠበቃ «ታረቁ» ወይም «ይህ ክስ አያዋጣም» ለማለት አያፍርም። «በእርግጥ ታሸንፋለህ» የሚለውን ግን መጠርጠር ይገባል፤ ፍርዱ የዳኛው ነውና።

ገንዘብ የሌለው ሰውስ?

ድኽነት ከሕግ ርዳታ አያስወጣም። በኢትዮጵያ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትና በክልል ፍርድ ቤቶች የተከላካይ ጠበቆች ክፍሎች አሉ። የጎንደር፥ የባሕር ዳርና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ርዳታ ይሰጣሉ። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ጉዳይ ይቆማል። በስደተኞች ሰፈር ደግሞ የሕግ ርዳታ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና አብረውት በሚሠሩ ድርጅቶች በኩል ይጠየቃል። የኮሚሽኑ አገልግሎት ሁሉ በነፃ ነው፤ ለምዝገባ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር ለመላክ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ስለ ሆነ ለኮሚሽኑ ሊነገርበት ይገባል።

የአካባቢው ሹማምንት ድርሻ

ባለጉዳይ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ሰፈሩ ሹም፥ ወደ ጸሐፊውና ወደ ሽማግሌው ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ጉዳዩን ይዘው ከማቆየት ይልቅ የት መሄድ እንደሚገባው በቶሎ ቢነግሩት ትልቅ በጎ ሥራ ይሆናል። ቀን የተቆረጠበትን ወረቀት ለባለቤቱ ሳይውል ሳያድር ማድረስ፥ የሰጡትን ማስረጃ በመዝገብ መያዝ፥ የታሰረ ሰው መኖሩን ለዘመዱ ማስታወቅ፥ ያልተረዳው ሰው እንዳይፈርም ማስተርጐም፥ እነዚህ ወጪ የማይጠይቁ ነገር ግን መብትን የሚያድኑ ሥራዎች ናቸው።

በጠቅላላው ነገሩ በአራት ጥያቄዎች ይመዘናል። በዚህ ጉዳይ ነፃነቴን ላጣ እችላለሁን? ቤቴን፥ መሬቴን ወይም ውርሴን ላጣ እችላለሁን? የልጆቼ ወይም የስደተኝነቴ መብት ይነካልን? ቀን ተቆርጦብኛልን? ከነዚህ አንዱ «አዎን» የሚል መልስ ካለው፥ ሰው ከመፈረሙና ከመናገሩ በፊት የሕግ ዐዋቂ ይጠይቅ። አራቱም «አይደለም» ከሆነ፥ ሽማግሌና መሥሪያ ቤት ይበቁታል፤ ገንዘቡንም ለልጆቹ እንጀራ ያውለው።